ዳነ የተባለው ድልድይ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለፈይሩዝ ዳውድ፣ ድሬዳዋ፤

ባለፈው አርብ ባቄላ የሚሸጡት እትዬ የሺ ለጎረቤታቸው «የወንዙ ድልድይ እኮ ድኗል» ሲሉ ሰማኋቸው። የድልድይ ጤና ከተጠየቀ የሰው አይቀርምና፣ እታለም፣ አንቺስ እንዴት ነሽ? ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? የዘከሪያን ወገብ ተሻለው? ትንሿ ዊዳድስ ጥርስ አበቀለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ናፍቆትሽ ብቻ እንደ ሰኔ ጉም ከቤት አልወጣ ብሏል። ኔትወርክ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ስለሆነ ነው በአያቶቻችን ወግ ወረቀት የያዝኩት።

የድልድዩን ወሬ ያመጣሁት እኔው ስለሆንኩ ከሥሩ ልንገርሽ። ንፋስ መውጫ በምማርበት ኮሌጅ የኮንስትራክሽን መምህራችን በየአገራችሁ ያለ አንድ ያረጀ ድልድይ መርምራችሁ ይዞታውን ጽፋችሁ አምጡ አሉን። እኔም የኛኑ መረጥኩ። ሜትር ይዤ ከሥሩ ገባሁ። ጎርፉ የመሐሉን ምሰሶ መሠረት ቦርቡሮታል፤ ኖራው በጣት ሲነኩት ይራገፋል፤ ቅስቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ እየሰፋ እንደሆነ ለማወቅ አራት ቦታ ላይ ጄሶ አሻግሬ ለጠፍኩበት። ጄሶ ደረቅ ነው፣ ድንጋዩ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። መመርመሪያ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

አገሩ ግን ነጭ ነገር ተለጥፎ አየና ተጠገነ አለ። የዱሮውን ሥርዓት ታውቂዋለሽ፤ ድልድዩ አፍ ላይ የአህያው ጭነት ይራገፋል፣ ሰው ይሸከመዋል፣ አህዮቹም አንድ በአንድ ያልፋሉ። ይህን ያዘዘ መሐንዲስ የለም፤ ድልድዩን እስከ ዛሬ ያቆመው ግን እሱ ነው። አሁን ቀርቷል። የሚያራግፍ ቢገኝ «የዳውድን ልጅ ሥራ ትንቃለህ?» ይሉታል። አይሱዙውን ከወዲያ ማዶ አቁሞ ዕቃ በሸክም ያሻግር የነበረው ደምሌ እንኳ ባለፈው አርብ እየነዳ ተሻገረ። ጋቢና ከጎኑ የተቀመጡት አባባ ነበሩ። በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ሰላምታ ይሰጡ ነበር አሉ።

አባባን ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው። አልጠገንኩትም፣ የለካሁት ብቻ ነው አልኳቸው። ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ትሕትና ደግ ነው፤ ሲበዛ ግን ውሸት ይሆናል» አሉኝ። ወረዳው ቢሮ ሄጄ ጽሑፌን ሳሳይ ማኅተም የለውም ተባልኩ። ትናንት ማለዳ መግቢያውን በእሾህ አጠርኩት፤ ከሰዓት ስመለስ ምቀኛ ያጠረው ነው ተብሎ ተነስቷል። ያነሱት አባባ ናቸው። ማታ እሾሁን ከመዳፋቸው ስነቅል የምቀኛውን ስም ሲገምቱ አመሹ።

ዛሬ ጠዋት ወርጄ ጄሶውን አየሁት። አራቱም ቦታ ተሰንጥቋል። ነገ ደምሌ ሠላሳ ኩንታል ስንዴ ጭኖ ወደ አርብ ገበያ ይሻገራል፤ ጋቢናውን አባባ ይዘውታል። እኔ ማልጄ ድልድዩ አፍ ላይ እቆማለሁ፤ አውርዱ፣ በእግራችሁ እለፉ እላለሁ፤ እነሱም ትሕትናዬን እያደነቁ ያልፋሉ። አባባ የሚሰሙት አንቺን ብቻ ነው። የነገዋን አርብ አላህ ያሳልፍልን፤ ለቀጣይዋ ግን አንቺ ድረሺልን። በእጅሽ ጽፈሽ በሰው ላኪላቸው፤ ልጁ እውነቱን ነው በያቸው።

እማማ ሀኒፋ በዱዓ አስቢኝ ትልሻለች፤ የላከችልሽን ሽሮ ከነቀዘ በፀሐይ አስጪው። ዘከሪያን ሰላም በይልኝ፤ ወገቡ ሳይድን ጭነት እንዳያነሳ። አማትሽን እጅ ንሺልኝ፤ ዊዳድን ጉንጯን ሳሚልኝ። አባባም ሰላም ብለውሻል፤ ወንድምሽ ድልድይ ጠገነ ብለህ ጻፍላት ብለውኛል።

ደብዳቤውን ደብረ ታቦር ድረስ ወስዶ ለአውቶቡስ ሰዎች የሚሰጥልኝ ደምሌ ነው። ነገ ጠዋት ይዞት ይሻገራል።

ወንድምሽ ኡሳማ ዳውድ
ታች ጋይንት፣ ከወንዙ ማዶ
ሐሙስ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.