ኢግላል የሞከሩት መመሪያ፦ የኡስታዝ ሳሮፊም ባሲሊ የሕይወት ታሪክ

በግብፆች የአክብሮት አጠራር «ኡስታዝ» የሚባሉት ሳሮፊም ከአባታቸው ከባቡር ሠራተኛው ባሲሊ መንቅርዮስ እና ከእናታቸው ከማቲልዳ ሀቢብ በ1952 እ.ኤ.አ. በግብፅ ጣንታ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው እስክንድርያ በምህንድስና ተመረቁ፤ በወደቡ የኮምፒውተር ክፍልም ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ። በ1979 ወይዘሮ ኢግላል ታድሮስን አግብተው አንዲት ልጅ፣ ሚሪትን አፈሩ።

ስማቸውን እስከ ባስራና ካዛብላንካ ያደረሰው ግን ለጀማሪ ፕሮግራመሮች በዐረብኛ በተከታታይ የጻፉት መመሪያ ነው። ወይዘሮ ኢግላል ሳይሞክሩት የወጣ አንድም ክፍል አልነበረም። ወይዘሮዋ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከኮድ ጋር አይተዋወቁም። ኮምፒውተሩ ፊት ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጻፈውን ደረጃ በደረጃ ይሠራሉ፤ ኡስታዝ ከኋላቸው ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተው፣ ትንፍሽ ሳይሉ ያያሉ። ኢግላል ግራ ከተጋቡ ጥፋቱ የመመሪያው ነው ተብሎ እንደገና ይጻፋል። ፋይሉን ሴቭ ሳያደርጉ ፕሮግራሙን ማስነሳት ግን የራሳቸው የኢግላል አመል ነበር፤ ኡስታዝ በዚህ አመላቸው፣ እንግዳ ፊት ሳይቀር፣ ይቀልዱባቸው ነበር።

ወይዘሮ ኢግላል በ2017 ዐረፉ። መመሪያው ግን መውጣቱን አላቆመም። ሚሪት አንድ ቀን ምሳ ይዛ ስትገባ አባቷ እንደ ድሮው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ የፊቱ ወንበር ባዶ ነው። እጃቸው ጭናቸው ሥር ሆኖ ላፕቶፑ ላይ ፊደል አንድ በአንድ ይጻፋል። ፕሮግራሙ ተነሣ፤ ፋይሉ ሴቭ አልተደረገም የሚል መልእክት መጣ። አባቷ ፈገግ ብለው፣ «ዝም በይ፣ እያነበበች ነው» አሏት። ዘመድ ሁሉ የሐዘን ድካም ነው አላት። እሷ ግን አባቷም እንደ እናቷ ሊሄዱባት መሰላት፤ ፈራች፤ ማን ይፈርድባታል!

ባለፈው ጥር ልባቸው ደከመና ሐኪም ዕረፍት አዘዘላቸው። ሚሪት ላፕቶፑን ወስዳ ቤቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። «ስድስተኛው ደረጃ ላይ ናት እኮ፤ የት ጥለሻት ነው?» አሏት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚጠይቋት ጨረሰች ወይ ብለው ብቻ ነበር። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2023 ጠዋት በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ትናንት ሚሪት ለዚህ ጽሑፍ ፎቶግራፍ ስትፈልግ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ባትሪው ካለቀ ሳምንታት ሆኖታል። ሰክታ ስታበራው መመሪያው እስከ መጨረሻው ደረጃ ተሠርቶ አገኘችው፤ የተመዘገበው ቀንና ሰዓት አባቷ ያረፉበት ነው። ከሥሩ አዲስ ገጽ ተከፍቷል። በገጹ ራስ ላይ ሁለት መስመር ብቻ አለ፦ ጸሐፊ ሳሮፊም ባሲሊ፣ ሞካሪ ሚሪት ሳሮፊም።

ኡስታዝ ሳሮፊም አንድ ልጅና ሁለት የልጅ ልጆች ትተዋል። ጀማሪን የማይቆጣ አምላክ እሳቸውንና ባለቤታቸውን በአንድነት ያሳርፍልን። ለሚሪት ዕድሜ ይስጥልን፤ ልጆቿ ገና ትንንሾች ናቸው፤ አደራ፣ ዕድሜ ይስጥልን።