እግርህ የዘገየበት ጨዋታ

ውድ ታይሪ፣

እናትህ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥታ ነበር። ለምን እንደመጣች ልጽፍልህ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ ግን ሌላው ሁሉ ቀድሞ መጣብኝ። እኔና አንተ ስለ ጉልበት አጣጠፍና ስለ እጅ አቀማመጥ ካልሆነ ስለ ሌላ ነገር ማውራት መች እናውቅበት ነበር?

መጀመሪያ ወደ አሜሪካን ፉትቦል ቡድናችን ስትመጣ ምኞትህ ኳስ እየቀለቡ መሮጥ ነበር። ትከሻህ በር የሚያክል ልጅ ስለነበርክ ዋናው አሰልጣኝ ዱጋን ወደ እኔ፣ ተጋጣሚን በሰውነታቸው ገፍተው ወደሚያግዱት የፊት መስመር ሰዎች ገፋህ።

"እዚህ ኳሱን አትነካም" አልኩህ። "ግራ ጫፍ ላይ ትቆማለህ። ወርዋሪያችን ኳሱን የሚወረውርለትን ሰው ሲፈልግ ጀርባውን አያይም፤ ጀርባውን የምትጠብቅለት አንተ ነህ። ሕዝቡ ስምህን የሚጠራው ስትሳሳት ብቻ ነው።"

ትንሽ አሰብክና "ካልተሳሳትኩስ ማን ያውቀኛል?" አልከኝ።

"እኔ። ቅዳሜ ጠዋት፣ በፊልም።"

"እንግዲያው ይበቃኛል፣ ኮች።"

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ እንደ ፍርድ ቤት የሚፈሩት ነበር። የአርቡን ጨዋታ ፊልም እያስኬድኩ፣ እያቆምኩ፣ ወደ ኋላ እየመለስኩ በጨዋታው ውስጥ ላለች ለእያንዳንዷ አጭር ግጥሚያ ፕላስ ወይም ማይነስ እሰጣለሁ፤ የመጀመሪያው እርምጃ ወዴት ሄደ፣ እጅ የት አረፈ፣ ፊሽካ እስኪነፋ ተገፋ ወይስ ተለቀቀ። አንተ ብቻ ነበርክ በዚያ ክፍል የምትስቀው። "ኮች፣ ይቺን ደግመው ይዩዋት፣ የተሳሳተው ጥላዬ ነው" ትላለህ። ከጎንህ የሚሰለፈው ቡከር ደግሞ "ጥላህማ ከአንተ ይፈጥናል! ማቀዝቀዣ ታቅፎ የሚጨፍር ሰው ነው የምትመስለው" ይልሃል። ማይነስ ስሰጥህ ግን ሳቁን ትተህ ወደ ፊት ትጠጋለህ። ብዙ ልጆች አሠልጥኛለሁ። የአንተን ፊልም የማየትን ያህል ያስደሰተኝ ግን አልነበረም። ይህንን ፊት ለፊት ነግሬህ አላውቅም።

ከዚያ ያ በሜዳችን የተጫወትነው አርብ መጣ። ግማሽህን እንኳ የማይመዝን ቀጭን ልጅ ደጋግሞ በጎንህ አልፎ ወርዋሪያችንን መሬት ላይ ዘረረው። ሰዉ ስምህን እየጠራ ጮኸብህ። በማግስቱ ዱጋን ቢሮዬ ገብቶ "ልጁ ልቡ አብጧል" አለኝ። "ዩኒቨርሲቲዎቹ ለቡድናቸው ከፈለጉት ወዲህ ሰንፏል። ማይነሱን ስጠውና ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጥ።"

"እስቲ መጀመሪያ ልየው" አልኩት።

ታይሪ፣ ስንፍና በፊልም ላይ መልክ አለው። ሰነፍ የሚይዘውን ሰው ዘግይቶ ነው የሚያየው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፊሽካው ሳይነፋ ይለቃል። የአንተ ዓይን ግን ከሁሉም ቀድሞ ትክክለኛው ሰው ላይ ነበር። እጅህ ተዘጋጅቷል። ወገብህ ዝቅ ብሏል። ግራ እግርህ ብቻ፣ የሌላ ሰው እግር ይመስል፣ ሌላው አካልህ ከሄደ በኋላ ነበር የሚመጣው። ደጋግሜ መለስኩት። ከዚያ አንዷ ግጥሚያ አልቃ ወደ ጓደኞችህ ስትመለስ ያለውን አየሁ፤ የጫማህ ጫፍ ሣሩን እየጫረ ነበር።

ጠርቼህ ጠየቅኩህ። "ምንም አይደለም" አልክ።

"ታይሪ።"

"አላመመኝም፣ ኮች። ደንዝዞ ነው። ጫማው ጠብቆኝ ይሆናል።" ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አደረግክ። "ለእማዬ አይንገሯት። የመጨረሻ ዓመቴ ነው፤ ከሜዳ ታስወጣኛለች።"

ከቢሮዬ ወጥተህ ሳትርቅ ደወልኩላት። ኩርፊያህም ረዥም ነበር።

ዳላስ ያሉት ሐኪሞች አንጎልህ ውስጥ እጢ አገኙ። ቀዶ ሕክምናው ተደረገ፤ ጨረሩም ተከተለ፤ ያ በር የሚያክል ትከሻህ ቀለጠ። አንድ ቅዳሜ በተሽከርካሪ ወንበር የፊልሙ ክፍል ድረስ መጥተህ "በእኔ ቦታ የገባው ማነው?" ስትል ያኮረፍከኝን እንደተውክልኝ ገባኝ።

ኮልቢ ከመጨረሻው ረድፍ እጁን አወጣ። በአካል ትልቅ፣ በልቡ ግን ከጥላው የሚደነግጥ ልጅ።

ፊልሙን አየህና "ኮልቢ፣ አውቶቡስ የምትጠብቅ ይመስል ለምን ቀጥ ብለህ ትቆማለህ?" አልከው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ኮልቢ እንባው መጣ። አንተ ግን አልሳቅክም። "ስማኝ፤ እኔ ከአልጋ የተነሳሁት አንተን ለማየት ነው። ዝቅ በልልኝ።"

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ኮልቢን የምትገመግመው አንተ ሆንክ። ንግግር ሲከብድህ በአውራ ጣትህ ፕላስና ማይነስ ትሰጠው ነበር። በኋላ ጣትህም እምቢ ሲልህ ዓይንህን እያየ ይገባው ነበር። ዶግውድ ዛፎቹ ነጭ አበባቸውን ባወጡ ሰሞን ጥለኸን ሄድክ።

ትናንት እናትህ ወንበር ስባ ተቀመጠችና "የታይሪን ፊልም ልይ" አለችኝ። እኔም ከወንዝ ማዶ የመጣውን ያንን ግዙፍ ልጅ ገፍተህ ከመስመር ያስወጣህበትን፣ ከሁሉ የሚያምረውን ጨዋታ ከፈትኩላት።

"እሱን አይደለም፣ ሚስተር ፔቲስ። እግሩ የዘገየበትን።"

"ሚስ አርሌታ፣ እሱ ምን ያደርግልዎታል?"

"ያን ቀን እዚያው ነበርኩ" አለችኝ። "እንደ ሰው ሁሉ ኳሱን ነበር የማየው። ልጄ ብቻውን ከገዛ እግሩ ጋር ሲታገል እኔ ለሌላ ሰው ልጅ አጨበጭብ ነበር። ዛሬ እሱን ብቻ ልይ።"

ከፈትኩላት። ላስረዳት ስጀምር በእጇ ከለከለችኝ። አንተ ስትወድቅ እሷ ትንፋሿን ትውጣለች፤ አንተ ስትነሳ "ጎሽ" ትላለች። ያ ቀጭን ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ አልፎህ ወርዋሪያችንን ሲዘርረው፣ አንተ በዚያ በደነዘዘ እግርህ እየጎተትክ ሄደህ እጅህን ሰጥተህ አነሳኸው፤ ከራስ ቁሩ ላይ የተጣበቀውን ሣርም አራገፍክለት።

"ለዚህ ምን ሰጡት?" አለችኝ።

"ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ያለውን አንመዝንም፣ ሚስ አርሌታ።"

"እናንተ አትመዝኑም" አለች። ዓይኗን ከፊልሙ አላነሳችም።

ሲያልቅ አለቀሰች፤ እኔም አልቻልኩም። ከዚያ ባርኔጣዋን አስተካክላ ተነሳችና በሩ ላይ ቆማ መጪው ጨዋታ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

"የኮልቢ እናት ትመጣለች?"

"ሁልጊዜ ነው የምትመጣው።"

"እንግዲያው ከአጠገቧ ቦታ ያስቀምጡልኝ። ኳሱን እያየች እንዳትቀር፣ ልጇን የት እንደምታገኘው አሳያታለሁ።"

ቦታውን አስቀምጫለሁ፣ ልጄ። አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ ብዬ ጠርቼህ አላውቅም፤ ዛሬ ፍቀድልኝ። በሰላም እረፍ።

ሁልጊዜም የሚያይህ፣
ሮስኮ ፔቲስ