የሚስ ኦዴሳ ሁለት ደቂቃ

የእህትሽ የኪያራ ትምህርት ቤት አይዘጋም! ታኒሻዬ፣ ደስታው ሰላምታውንም አስረሳኝ፤ እዚያ ጀርመን ጦር ሰፈርሽ ፈጣሪ ይጠብቅሽ፣ እራትሽንም አትዝለይ።

ትናንት የትምህርት ቦርዱ የትምህርት ቤቱን ፈቃድ ለማደስ ወይም ለመንጠቅ ተሰበሰበ። ለሚናገር ሁሉ ሁለት ደቂቃ ተሰጠ። እኔ ሁሉንም ሳመሰግን ደወሉ ጮኸ፤ ስለ እህትሽ ምንም አላልኩ! ሦስት ዓመት ያኮረፈችኝ ጎረቤታችን ሚስ ኦዴሳ ተነሳች።

“የእኔን ሰዓት ለዚች ለፍላፊ ስጡልኝ። አንቺ፣ አሁን እንኳ ወደ ጉዳዩ ግቢ!”

ማይኩን ለኪያራ ሰጠኋት። በዚያ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ስትገባ ፊደል እያየች ታለቅስ የነበረችው ልጅ የቦርዱን የራሱን የመዝጊያ ማስታወቂያ ሳትደናቀፍ አነበበችላቸው። የቦርዱ ድምፅ ሁለት ለሁለት እኩል ወጣ። ሰብሳቢዋ ኪያራን አየት አደረጉና “ትምህርት ቤቱ ይቀጥል” ብለው የመለያውን ድምፅ ሰጡ።

ተባረኪልኝ። አለቃሽን ፈቃድ ለምኚልኝ፤ የደስታችን የጎድን ጥብስ ከሚስ ኦዴሳ ጋር በጓሯችን የሚበላው ጁን አሥራ አራት፣ ቅዳሜ ነው፤ የሚቀር የለም!