ብልቃጡ ሲሞላ

ሰኞ፣ ሰኔ 12

ለታናሼ፣

ድንቢጥ አልጋ ላይ መሽናት አቁማለች። ዛሬ ሃያ ሁለተኛ ቀኗ ነው።

ይህን ያስቀደምኩት በየደብዳቤሽ ስለምትጠይቂኝ ነው። አንቺስ እንዴት ከርመሻል? መድኃኒቱ አሁንም እጅሽን ያንቀጠቅጠዋል? የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ እንፋሎቱ ለደረትሽ እንደማይስማማ ከመጀመሪያው ነግሬሽ ነበር። ያም ሆኖ ከሆስፒታል በወጣሽ በአራት ወርሽ የራስሽን ኪራይ መክፈልሽ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዕድሜውን ሁሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ ኖሮ አሁን ደረጃ አልወጣም ብሏል። የትምህርት ቤቱን ሸሚዝ፣ ስልሳ አምስት ፍሬ፣ ዛሬ ጠዋት ማስረከብ ነበረብኝ። አላስረከብኩም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ለልጅቷ ትንሽ አልጋ ገዝተሽ መስኮቱ ሥር እንዳደረግሽው ጽፈሽልኛል። መስኮት ሥር ብርድ ነው። ከዚያ በታች ደግሞ እንዲህ ብለሻል፦ “እትዬ፣ ኮሚቴው ፊት አንቺ ቅረቢልኝ። ሌላ አልልሽም፤ ድንቢጥ እየጠበቀችኝ እንደሆነ ብቻ ንገሪያቸው። ረስታኝም ከሆነ ለእኔ ንገሪኝ።” አትምጪ፣ መንገዱ ያደክምሻል፣ እኔ እናገርልሻለሁ ያልኩሽ እኔው ነኝና ቃሌን አልበላም። የፊታችን ሐሙስ እቀርባለሁ። የሚወስኑት አንድ ነገር ነው፦ ልጅቷ ወደ አንቺ ትመለስ፣ ወይም በአደራ ከተሰጠችኝ ከእኔ ዘንድ ለዘለቄታው ትቅር።

የሚመለከቱት ደብተሩን ነው። የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ልጅቷን ከስምንት ወር በፊት ሲያስረክበኝ አንድ ደብተር አብሮ ሰጠኝ። በየቀኑ ምን እንደበላች፣ እንዴት እንደተኛች፣ አልቅሳ እንደሆነ፣ ስለ እናቷ ያነሳችው ነገር እንዳለ እጽፋለሁ። አንድ ቀን አላስታጎልኩም። ከቢሮው የምትመጣዋ ባለሙያ፣ እኛ ባለቦርሳዋ የምንላት፣ ዓርብ መጥታ አገላብጣ አየችው።

“እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ” አለችኝ። “ያኔ ስትጮህ ሰፈር ያወከችው ልጅ ናት ይቺ? አሁን እኮ ቤት ውስጥ መኖሯም አይታወቅ።”

“ሥርዓት ይዛለች” አልኳት።

“እናቷን ትጠይቃለች?”

“አንድም ቀን።”

ይህን ጻፈችው። ሐሰት የለበትም፣ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ለምን እንደማትጠይቅ ግን ባለቦርሳዋ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። ለአንቺ ልንገርሽ።

የመጣች ሰሞን ጩኸቷ ለጉድ ነበር። በሩን ይዛ ትጮሃለች፣ ጉሮሮዋ ተዘግቶም ትጮሃለች። እኔ ደግሞ ሥራ ተደራርቦብኛል። አንድ ቀን መቀሱ አዳልጦኝ የሰው ጨርቅ አበላሸሁና ትዕግሥቴ አለቀ። “እናትሽን ያሳመማት ጩኸት ነው” አልኳት። “ዝም ካልሽ ትድናለች። ስትድን መጥታ ትወስድሻለች።” ስናገር መርፌ ውስጥ ክር እያስገባሁ ነበር፤ ቀና ብዬም አላየኋት።

ወዲያው ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ “ስንት ቀን?” አለችኝ።

ስንት ቀን ልበላት? የአራት ዓመት ልጅ ቀን ቢነግሯት አይገባትም። ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ ነበረኝ፤ እሱን ሰጠኋት። ዝም ላለችበት ቀን ሁሉ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ብልቃጡ ሲሞላ ደግሞ አንቺ። እንዲህ ተስማማን። እናታችን የሞተች ጊዜ ለአንቺም ይኸንኑ ነው ያልኩሽ፤ ዝም ካልሽ ትመለሳለች ብዬ። የጎደለው ብልቃጡ ብቻ ነበር። ስድስት ዓመትሽ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላስቸገርሽኝም።

ድንቢጥም አላስቸገረችኝም። ራት ላይ እጇን ትዘረጋለች፣ ቁልፏን እሰጣታለሁ፣ ትከታለች፣ ክዳኑን ታጠብቃለች። የተጣላነው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። በአሥር ሰዓት ትደውያለሽ። “የእኔ ድንቢጥ” ስትዪያት ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ሁለተኛ ስትደግሚላት ታለቅሳለች። ስልኩ ሲዘጋ ክዳኑን ከፍታ አንድ ቁልፍ ታወጣና ወደ እኔ መሳቢያ ትመልሰዋለች። “ዛሬ ጮህኩ” ትላለች። ማንም መልሺ አላላትም። ያን ሌሊት አልጋው ይርሳል። እኔም እሑድ ጠዋት አንሶላውን ዘፍዝፌ ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ፦ “ከእናቷ ጋር ከተነጋገረች በኋላ አልጋ አርሳለች።” ይህ ዐረፍተ ነገር ሃያ ጊዜ ያህል ተጽፏል። ባለቦርሳዋ እያንዳንዱን በቀይ አስምራበታለች።

አንቺና እኔ በተነጋገርንባት በመጨረሻዋ ቅዳሜ ስልኩ ሲጠራ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ገብታ አልወጣ አለች። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ “ተቀይማኝ ነው እትዬ?” ብለሽኝ፣ “ልጅ አይደለች እንዴ፣ ረስታሽ ይሆናል” አልኩሽ። ደብተሩ ላይም “እናቷን ለማነጋገር ፈቃደኛ አልሆነችም” ብዬ ጻፍኩ። ከጠረጴዛው ሥር ግን ዓይኗ ብልቃጡ ላይ ነበር። ሊሞላ የቀረው ሁለት ጣት ነው። ድምፅሽን ከሰማች ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ይጎድላል። ቆጥባ ነው አንቺን ያላናገረችሽ። ያን ሌሊት ግን ሳትነጋገርም አልጋው ራሰ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ አልፏል። ስልኩ አልተበላሸም። አሁን ይህን ስጽፍልሽ መቀሱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ባለቦርሳዋም ዛሬ ጠዋት ደውላልኛለች። ስትደውዪ ቁጥርሽን አይቼ እንዲጮህ እተወዋለሁ፣ ሲበቃው ዝም ይላል። አልጋውም ደረቀ።

እንዳትራገሚኝ። ሆስፒታል የገባሽ ዕለት ጎረቤትሽ በሩን አስከፍታ ስትገባ ምን እንዳየች አንቺ አላየሽም፣ እኔ ግን ሰምቻለሁ። ሁለት ቀን ራስሽን ሳታውቂ ተኝተሻል። ድንቢጥ አጠገብሽ ተቀምጣ ጥሬ ማካሮኒ ትቆረጥማለች። “ሁለት ቀን ሙሉ ኮሽታ አልሰማሁም” ነው ያለችኝ ሴትየዋ። ለኮሚቴው ይህን እንዳትነግሪብኝ ብለሽ አትጨነቂ፤ ገና ከመጀመሪያው መዝገባቸው ውስጥ አለ።

ባለፈው ረቡዕ ብልቃጡ ሞላ።

መጀመሪያ አላስተዋልኩም። ራት ላይ የመጨረሻዋን ቁልፍ ከተተች፣ ክዳኑ አልገጥም አለ። ሁለቴ ሞከረችው። ከዚያ ከወንበሩ ወርዳ ጫማዋን አመጣች፤ የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ አደረገችና ብልቃጡን ታቅፋ በር ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ጫማ ሰፊው ሽማግሌ፣ በረንዳውን የሚጋራኝ፣ ዕቃውን ሲሰበስብ አያት።

“ወዴት ነው ጉዞው፣ እመቤት? ዛሬም አፍሽን ቤት ረስተሽው ወጣሽ?”

ብልቃጡን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

“ትኬቱ ይሄ ነው? ሹፌሩ መልስ የለኝም ብሎ እንዳያስቸግርሽ።”

ሳቀች። ስትስቅም ድምፅ አታወጣም። ሳቅ ከጩኸት ይቆጠር አይቆጠር እኔም ነግሬያት አላውቅ።

“ማንን ነው የምትጠብቀው?” አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። ነገርኩት። ሽማግሌው፣ “ልጄ፣ ይህን ለእነዚያ ለቢሮዎቹ ንገሪያቸው” አለ።

“አባባ፣ እርስዎ ጫማዎን ይስፉ” አልኩት።

ግማሽ ሰዓት ተቀመጠች። መኪና ባለፈ ቁጥር ትነሳለች። ምን ላድርግ? የወተት ዱቄት ጣሳ ነበረኝ፤ ትልቁን፣ ዕቃ የማስቀምጥበትን። ባዶ አደረግኩትና፣ “ይሄ እኮ ትንሹ ነው፣ አሁን ደግሞ ትልቁ ነው የሚሞላው” ብዬ ቁልፎቹን ገለበጥኩበት። ጎንበስ ብላ አየች። የጣሳውን ሥር ሸፍነው ትንሽ ከፍ ብለዋል፣ በቃ። ቀና ብላ እኔን አየች። ከዚያ ተቀምጣ ጫማዋን ራሷ አወለቀች።

አላለቀሰችም። ደብተሩ ላይ “ተረጋግታ ውላለች” ብዬ ጻፍኩ። ባለቦርሳዋ ዓርብ ዕለት እጄን የመረቀችው በዚህች ገጽ ነው።

አሁን ወደ ሸሚዞቹ ልምጣ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ለማስረከብ እያጣጠፍኩ ሳለ የአንዱ ቁልፍ የለም። ሌላውን ሳነሳ የእሱም የለም። ከስልሳ አምስቱ ሸሚዝ ሠላሳ አንዱ ከላይ እስከ ታች ተለቅሟል። ክሩን በትንሿ መቀስ እየበጠሰች ነው። ጨርቁን አንድ ቦታ እንኳ አልቀደደችም፤ ለእጇ ሙያ ተፈጥሯል። ጣሳውን ሳይ እስከ ግማሽ ደርሷል።

እጇን መታኋት። አንዴ አይደለም። መዳፏ ቀላ፣ ጣቶቿን እንደዘረጋች አልሰበሰበቻቸውም። ትንፍሽ አላለችም። እያየችኝ ነበር፣ አፏን በሌላኛው እጇ ይዛ። ቁልፎቹን ከጣሳው ለቅሜ አወጣሁ፤ የእሷና የሸሚዞቹ ስለተቀላቀሉ ሁሉንም አወጣሁ። ጣሳው ባዶ ሆነ። ያን ጊዜም አላለቀሰችም።

ራት ላይ ያበጠ እጇን ዘረጋችልኝ። ምን እንደምትፈልግ ወዲያው አልገባኝም። ቀኑን ሙሉ ድምፅ አላሰማችም፤ የቀኗን ቁልፍ ነበር የምትጠብቀው። ሰጠኋት። ከተተች። ባዶ ጣሳ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምታ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች፣ እሱም ይቆጠርባት እንደሆነ ለማየት።

እንግዲህ የጠየቅሽኝን መልሼልሻለሁ። ያላወቅኩት መስሎሽ እንዳትኖሪ ነው የጻፍኩልሽ። ለደብተሩ ደግሞ የቀረው አንድ ገጽ ነው። በላዩ ላይ የታተመው ጥያቄ “ሕፃኑ ወላጁን ይጠብቃል?” ይላል። መልሱ ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ እስካሁን አልሞላሁትም። ቢሮው እኔን የአደራ እናት ብሎ ይጽፈኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አንዷን ቃል ፍቀው እናት ብቻ ቢሉኝ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። አንቺን ሳሳድግም ማንም እንዲያ ብሎኝ አያውቅም።

እንፋሎቱን ተጠንቀቂ። መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ፣ ባዶ ሆድሽን አትዋጪው። በሄድሽበት መንገዱ ይቅናሽ፣ ጠላትሽ ከደጅሽ ይራቅ፣ ያጎደልኩብሽ ቢኖር ከዕድሜዬ ተቀንሶ ለአንቺ ይጨመርልሽ።

ያሳደገችሽ፣
እትዬሽ

ይህን ደብዳቤ ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ። እዚያ የምትሠራዋ ልጅ አንቺ ዘንድ ለመድረስ አምስት ቀን ይፈጅበታል ብላኛለች። ኮሚቴው የሚቀመጠው ሐሙስ በአራት ሰዓት ነው።