ሰባቴ የታጠበው ሐብሐብ

ረውዳ፣

«ይሄ ቡችላ ባሕር አይገባም፣ ታቅፈሽው ትመለሻለሽ» ያልሽኝን አልረሳሁም። ሳላስገባው ቱኒስ ላልመለስ ምያለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ቆሜ ስጠራው፣ ሉዝ አረፋው እግሩን በነካው ቁጥር ሮጦ ጃንጥላው ሥር ይወሸቃል። እዚያ የሰፈራችንን ድመት ሁሉ መውጫ መግቢያ ያሳጣው ጀግና።

ዛሬ እዚህ ጎረቤታችን የሆኑት ጋሽ ሽዴሊ እንዲቀዘቅዝላቸው ውሃው ዳር አሸዋ ውስጥ የቀበሩትን ሐብሐብ ሉዝ ቆፍሮ አወጣው። እየላሰው ሳለ ማዕበል ወሰደበት። ሉዝም ፍርሃቱን ረስቶ ተከትሎት ገባ፣ ዋኘም።

ጋሽ ሽዴሊ ሱሪያቸውን ሰብስበው ደረሱ። «ሃይማኖታችን እንደሚያዘው፣ ውሻ የላሰውን ሰባቴ ሳላጥብ ቤተሰቤን አላበላም» ብለው ሐብሐቡን እየነከሩ መቁጠር ጀመሩ። አምስት ሲሉ ሉዝ ዋኝቶ መጥቶ ላሰው። እንደገና ከአንድ። ስድስት ሲሉ ደግሞ ላሰው።

«ሌላ ላምጣልዎት» ብላቸው፣ «ዞር በይ፣ ቡችላ አያሸንፈኝም» አሉኝ።

አራተኛው ዙር ላይ ቆም ብለው ሉዝን አዩት። «ልጄ፣ ሰባቴ የታጠበው ውሻሽ ነው። በይ ቢላዋ አምጪ፣ አብረን እንብላ።»

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሁለቱንም ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ ለወንድምሽም ሰላም በይልኝ። ያልሽው ግን አልቀረም፤ ታቅፌው ነው የምመለሰው። ከባሕሩ አልወጣም ብሏል።

ዶርሳፍ፣ ከቅሊቢያ