አንድ ደም በሁለት ስም

ለስደተኞች የጤና ምርመራ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሙዲሩ
ገዳሪፍ

ቀን፦ ጥር 18 ቀን 2003 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በእኔ ስም የተመዘገበው የደም ምርመራ ውጤት የእህቴ በመሆኑ፣ እስከ ሰኞ ጥር 23 ታርሞ መድኃኒቱ ለእርሷ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች አሰፋች ጋረደው የኡም ጠለሕ መጠለያ ነዋሪ ስሆን፣ ለክቡርነትዎ ሳመለክት ይህ ሦስተኛዬ ነው። የፊተኞቹን ሁለት ማመልከቻዎች ሌላ ሰው ጻፈልኝ። ለአንደኛው የተሰጠኝ መልስ «ቡክራ፣ ነገ ተመለሺ» ሲሆን፣ ቡክራው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ለሁለተኛው «ውጤት ያለው ሰው በድጋሚ አይመረመርም» ተባልሁ። እውነቱን ለመናገር በሁለቱም ማመልከቻዎች ውስጥ እውነቱ አልነበረም። ስለዚህ ይህኛውን በመጠለያው ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ድረስ በተማርሁት ፊደል እኔው ጽፌዋለሁ። አስተርጓሚው አቶ ሁዜይፋ ወደ ዐረብኛ ሲመልሱት እንዳያለዝቡብኝ አደራ እላለሁ። ባለፈው ጊዜ «እባካችሁ» አብዝተው ዋናውን ነገር አጥፍተውብኛል።

1. እህቴ ራሄል ጋረደው ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ይህን ድንበር ስንሻገር እርሷ በእናታችን ጀርባ ነበረች፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ እሮጥ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ራሄል ወድ ኤል ሒለው ወንዝ ዳር በባዶ እግሯ ጭቃ እየረገጠች ባሚያና ሽንኩርት ስታጠጣ ኖራለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሆዷን ይቆርጣታል፣ ቆዳዋን ያሳክካታል፤ አስሟም ብሶባታል።

2. ሰገራዋ ሦስት ጊዜ ታይቶ «ምንም የለም» ተባለ። በኋላ የጤና ሠራተኞቻችሁ መጥተው፣ በእግር ቆዳ የሚገባ ቀጭን ትል እንዳለ፣ ሰገራ ውስጥ አንድ ቀን ታይቶ ሌላ ቀን እንደሚሰወር፣ በደም ምርመራ ግን ሊታወቅ እንደሚችል አስረዱን። እሰይ አልን። በድምፅ ማጉያ የተለፈፈው ግን ሌላ ነገር ነበረው፤ በምርመራው ቀን ያልተገኘ ሰው ስሙ ከራሽን ዝርዝር ይሰረዛል የሚል።

3. የምርመራው ቀን ጥቅምት 22 ነበር። እኔ ቁረይሻ የሲምሲም፣ የሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበርሁ። ክቡር ሙዲር፣ በእኛ መጠለያ ሰው ከሌለ ዘመድ ከርቱን፣ የራሽን ካርዱን ይዞ ወረፋውን ይቆምለታል። ዱቄት እንዲህ እንቀበላለን፣ ዘይት እንዲህ እንቀበላለን፤ ማንም ተው ብሎን አያውቅም። ራሄልም በራሷ ከርት ቀርባ ከግራ ክንዷ ሰጠች። ከዚያ የተከናነበችውን ቶብ ለውጣ፣ የእኔን ከርት ይዛ ተመልሳ ተሰለፈችና ከቀኝ ክንዷ ሰጠች። ከርቱ ላይ ያለው ፎቶዬ በላብ ደብዝዞ እኔን ይምሰል ግመል አይለይም። ደም ቀጂው ቀና ብሎም አላያት። ከቁረይሻ ስመለስ በሁለቱም ክንዷ ጥጥ ለጥፋ አገኘኋትና እስኪያመን ሳቅን። ያን ሳቅ ዛሬ ሳስበው እሳት ይልሰኛል።

4. በኅዳር መጨረሻ ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አሰፋች ጋረደው፦ ትሉ አለባት። ራሄል ጋረደው፦ ነጻ። አንዲት ሴት በአንድ ጧት የሰጠችው አንድ ደም ነው! በዚያ ሰሌዳ ላይ የእኔ ደም ጠብታ አልነበረበትም። ደሙን በሁለት ስም ማስገባት የእኛ ጥፋት ነው፣ አልክድም። አንዱን ደም ታማሚም ጤነኛም ማድረግ ግን የማን ጥፋት ነው?

5. ከዚያ እኔን ማከም ተጀመረ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ኪኒኑን ከሠራተኛው ፊት መዋጥ ግዴታ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዋጥሁት። በሁለተኛው ቀን ለራሄል ላወጣላት ከምላሴ ሥር ደበቅሁት፤ አፍሽን ክፈቺ፣ ምላስሽን አንሺ ተብዬ፣ በሰው መሐል እንደ ሌባ ተፈትሼ እርሱንም ዋጥሁ። ራሄል ራሷ ሄዳ ብትለምን «አንቺ ነጻ ነሽ፣ ደስ ይበልሽ» ብለው መለሷት።

6. በዚህ ወር መጀመሪያ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ገዳሪፍ ሆስፒታል አምጥቼ አስተኛኋት። የሚያክማት ዶክተር ኢሀብ ሰሞኑን ለአስሟ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ብርቱ መድኃኒት ሊጀምርላት አሰበ። በፊት ግን ስለ ትሉ ጠየቀ፤ ትሉ ያለበት ሰው ይህን መድኃኒት ከወሰደ ትሉ በሰውነቱ ሁሉ ተራብቶ ሊገድለው ይችላልና። ራሄል ነጻ ናት የሚለውን የእናንተን ወረቀት ሰጠሁት። አንብቦ «ይህ ወረቀት ባይኖር ኖሮ አልደፍርም ነበር» አለ። እኔ አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። ሰምቼም ዝም አልሁ። ከርታችን ይቀማል፣ ምናልባትም እንታሰራለን ብዬ ፈራሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ የደበቅሁት ግን የእህቴን ነው።

7. ትናንት ሁሉንም ለዶክተሩ ነገርሁት። ተቆጣኝ፣ ደግሞም አዘነልኝ። ያ የደም ምርመራ ሆስፒታሉ ውስጥ የለም፤ የትሉም ኪኒን የሚገኘው ከእናንተ ግምጃ ቤት ሲሆን ስሙ በዝርዝሩ ላይ «አለበት» ተብሎ ላልተጻፈ ሰው አይወጣም። ዶክተሩ ብርቱውን መድኃኒት እስከ ሰኞ ያቆይልኛል። ከዚያ በላይ ትንፋሿ አይጠብቅም ብሏል። እንግዲህ ሰኞ ኪኒኑን ሳትውጥ ከጀመረች ትሉ ይፈጃታል፣ ካልጀመረችም አስሙ ያፍናታል። ምርጫው ይኸው ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምጠይቀው፦

በሁለታችን ስም የተጻፈው ውጤት ይሰረዝልኝ። የራሄል ደም በራሷ ስም፣ ፊቷ በደንብ ታይቶ፣ ዛሬ ወይም ነገ ይወሰድልኝ። ውጤቱ እስከ ሰኞ የማይደርስ ከሆነ ደግሞ ውጤት ሳይጠበቅ ኪኒኑ ይሰጣት፤ እኔን ያልታመምሁትን ሁለት ቀን ሙሉ በግድ ያስዋጣችሁኝ፣ የታመመችውን አንድ ቀን ማስዋጥ አያቅታችሁም። ዶክተር ኢሀብ በእጁ የጻፈው ማስታወሻ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ቅጣት ካለ የእኔ ነው። የምቆምልሽ አንቺም ስለምትቆሚልኝ ነው ብላ ያደረገችው እንጂ ራሄል ሌላ ነገር አላሰበችም። ከርቴንም ከዚህ ማመልከቻ ጋር አስረክቤያለሁ፤ ልትመልሱልኝም ልታስቀሩብኝም ትችላላችሁ። ደሟን በስሟ እስክትወስዱ ድረስ ግን ከበራችሁ አልነሣም።

አቶ ሁዜይፋ ማመልከቻውን ትተሽ ሂጂ፣ ወይም መልሱን የሚቀበል ሰው ላኪ ብለውኛል። አልልክም። በዚህ ጉዳይ በእኔ ፈንታ የሚቆም ሰው የለም፤ በሩ ላይ የተቀመጥሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣ ሰኞን እየቆጠርሁ

አሰፋች ጋረደው
(በራሴ እጅ የፈረምሁ)