ኦቢችዋሪ የምትለዋን ቃል እንዳትተነፍሳት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር፦ የሬዲዮ ሥራ ፈተናው ውስጥ ኦቢችዋሪ የምትለዋን ቃል እንዳትተነፍሳት። ምላስህን ነክሰህ ያዛት። ምክንያቱን እነግርሃለሁ፤ እየተጣደፍኩ ስለሆነ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልህ አትፍረድብኝ።

ያለሁት ከአንተ አንድ ግድግዳ ወዲህ፣ የሬዲዮ ጣቢያው ጥበቃ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለካ ስልካችሁን በር ላይ ተቀብለዋችኋል! አሥራ አንድ ጊዜ ስደውል የጮኸው እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጥበቃው ስልክህን እያሳዩኝ «ይሄ መዥገር የሚባል ሰው ጠዋቱን ሙሉ ፋታ ነሳኝ፤ ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ስምን መልአክ ያወጣዋል» አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት የማታ መምህርህ በእጁ የጻፈልህን ሠላሳ የእንግሊዝኛ ቃል፣ የጥበቡንና የሚዲያውን፣ «ታይፕ አድርጊልኝ፣ ፈተናው ከዚህ ነው የሚመጣው» ብለህ ፎቶኮፒ ቤት አመጣህልኝ። ታውቀኛለህ፤ አንድ ነገር ካልነካካሁ እጄን ይበላኛል። ዴድላይን የሚለው ጎን «የቀብር ሰልፍ» ብዬ ጻፍኩ። ክሪቲክን «በጠና የታመመ ሰው» አልኩት። ኦቢችዋሪን ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ለትልቅ ሰው የሚቀርብ ምስጋና» አደረግሁት።

ነቅተህ በጫማ ታሳድደኛለህ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አንተ ግን ከማተሚያ የወጣ ነገር ሁሉ እውነት ይመስልሃል። ጭራሽ በፕላስቲክ አስለበጥከው! በእኔው ማሽን፣ ትኩሱን እፍ እፍ እያልክ።

ዛሬ ጠዋት መስታወቱ ፊት በእንግሊዝኛ ስትለማመድ እናታችን «ምን ማለት ነው ልጄ?» አለችህ። አንተም ደረትህን ነፍተህ «ሕልሜ የጣቢያውን አለቃ ኦቢችዋሪ በራሴ ድምፅ፣ በሬዲዮ ማንበብ ነው ማለት ነው። ኦቢችዋሪ ምስጋና ነው እማዬ» አልካት።

«አሜን፣ ያሳካልህ!» አለች።

እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ሳልነግርህ ወደ ሥራዬ ሹልክ አልኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ሥራ ቦታዬ መጥተው የባላቸውን ዜና ዕረፍት ሃምሳ ኮፒ አድርጊልኝ አሉኝ። ማሽኑ የሰውዬውን ፎቶ አንድ በአንድ ሲተፋው የአንተን ድምፅ ሰማሁ፤ ያንን የሚያምረውን ጎርናና ድምፅህን። ኦቢችዋሪ ማለት እኮ እሱ ነው፤ ዜና ዕረፍት! ወረቀቱ ሳያልቅ ሮጥኩ። ሴትዮዋ «ኧረ ልጄ፣ የቀረውስ?» እያሉ ሲጣሩ ይሰማኝ ነበር።

እዚህ ስደርስ ጥበቃው ጭራሽ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ቀስ በይ፣ በሩን አታንኳኪ! ፈታኙ አለቃ ትናንት ነው ከሆስፒታል የወጡት። ልባቸው ነው። ማስደንገጥ ክልክል ነው ተብለናል።» ወንድም ጋሼ፣ ሰውዬውን እንዳትገድላቸው! «እርስዎ ክሪቲክ ነዎት?» ብለህም እንዳትጠይቃቸው፤ ክሪቲክ የጥበብ ሥራ የሚመዝን ነው። ዴድላይንም የሥራ ማስረከቢያ ቀን እንጂ ቀብር አይደለም። የመምህርህ የእጅ ጽሑፍ እዚሁ ውስጥ ተጣጥፏል። ሌሎቹ ሃያ ሰባቱ ትክክል ናቸው፤ እማዬ ትሙት።

ቀልድ ነበር ብዬ ልጨርሰው አስቤ ነበር። ግን ከዚህ ወዲያ ውሸት ያስፈራኛል። የመጀመሪያው ቀን ቀልድ ነበር። አሥራ ሦስቱ ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። ካለፍክ ሩቁ ቅርንጫፍ ነው የሚመድቡህ፣ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ። ብትወድቅ ግን ቤት ትቀራለህ። ይኸው ነው፤ ወጣልኝ። አንተ ከሄድክ የማን ሻይ ውስጥ ጨው እጨምራለሁ? እማዬ እንደሆነች ቀልዴ አይገባትም፤ ስደግምላት ደግሞ ታዝንልኛለች።

ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ሰፈሩ ሁሉ «አለቀላት» ሲል፣ የፎቶኮፒ ቤቱን ባለቤት ደጅ ጠንተህ ያስቀጠርከኝ አንተ ነህ። እኔ ደግሞ በዚያው ማሽን ጉድጓድ ቆፈርኩልህ። ብትመታኝ አልሸሽም። ዝም እንዳትለኝ ብቻ።

ለተፈታኞች ሻይ የሚያዞሩት ሴትዮ ደብዳቤዬን ከስኒህ ሥር አድርገው ሊያደርሱልኝ ትሪያቸውን አንስተው ቆመዋል። «ወንድምሽ የትኛው ነው?» አሉኝ።

«ረጅሙ፣ ከንፈሩ ሲያነበንብ የሚውለው። ተራው ሰባተኛ ነው።»

«ውይ! ስድስተኛው ገብቶ ሊወጣ ነው እኮ፣ ቶሎ በይ!»

ወረቀቱን ለመስጠት እጄ እምቢ ይለኛል። ከስኒው ሥር ካገኘኸው እጄን አሸንፌዋለሁ ማለት ነው። ግባና እለፍ። ደግሞ ሂድ፤ ስትሄድ ሬዲዮውን ከፍቼ እሰማሃለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የለቀቀችህ፣
መዥገር